ውሃው ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ከእንቅልፌ ነቃሁና የኮምፒውተሬን ጎን አየሁት። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በፊት ስሞላው ቀለም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው፣ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። ምንም ማቅለሚያ አልጨመርኩበትም። አሁን ግን በጠረጴዛው መብራት ሲታይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ አረንጓዴ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር።

ለማታውቁት ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲሠራ ይሞቃል፤ አብዛኛው ሰው ሙቀቱን የሚያስወጣው በማራገቢያ ነው። ሌላው መንገድ ውሃ ነው። ፓምፑ ውሃውን ቺፑ ላይ በተጣበቀ የመዳብ ብሎክ ውስጥ ያሳልፈዋል። የብሎኩ ሆድ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በቀጫጭኑ የተሰነጣጠቀ ነው። ውሃው እዚያ ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ይቀዘቅዝና ይመለሳል። በቃ፣ የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው፤ የተለየው መጠኑ ብቻ ነው።

እኔ ወደዚህ የገባሁት ለጌጥ አይደለም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን በእጅ የተጻፈ አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም እያሠለጠንን ነው። ግራፊክስ ካርዱን የገዛነው ግማሽ በግማሽ አዋጥተን ነው፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ከመንሳፈፉ ጥቂት ቀደም ብሎ። ዛሬ ያንን ካርድ ልንገዛ ብንል የምንችል አይመስለኝም። ካርዱ እኔ ቤት ሆኖ ለቀናት ያለ እረፍት ይሠራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ማራገቢያ እዚህ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ውሃም መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚሰጠው ለዚሁ ለሳሳው አየር ነው፤ ግን ካርዱ ላይ ሊቀመጥ የማይችል ሰፊ ራዲያተር ጎን ላይ መደርደር ይቻላል። ብሎኩን ከውጭ የመጣ ሰው አሮጌውን ሸጠልኝ። ራዲያተሩን ከሶማሌ ተራ አገኘሁት፤ የመኪና ውስጥ ማሞቂያ የነበረች ትንሽ የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ናት። አንድ ራዲያተር ሠሪ የቱቦ አፍ በየደልኝ።

ጠዋት ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«አልጌ ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ውሃ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ብርሃን አለ። አልጌ ነው።»

ሲመጣ እንዳሳየው ጥቂት በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁ። ከዚያ አንድ ክዳን በረኪና ጨመርኩበትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሳምንት በኋላ 50 ዲግሪ ላይ የነበረው ካርድ 80ን አለፈ፤ አንድ ሌሊት ደግሞ በሥልጠናው መሃል ራሱን አጠፋ። ብሎኩን ስፈታው ኒኬል ልባጡ በየቦታው ተልጧል፤ ልጣጩና አረንጓዴ ጭቃ የመሰለ ነገር ጥርሶቹ መሃል ተጠቅጥቋል።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ፤ እሱን ተዉት። ያገኘሁት መልስ ግን ከኮምፒውተር በጣም የራቀ ቦታ ነው የጀመረው፤ መርከብ ላይ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቡናማው ወረቀት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልቁ ራስ ምታት ጠላት ብቻ አልነበረም። በሞቃት ባሕሮች ውስጥ እንጨት ሰርስሮ የሚበላ የባሕር ትል አለ። ከሱ ሌላ ደግሞ አረምና ቅርፊታም የባሕር ፍጥረታት የመርከቡ ሆድ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ መርከቡን እንደ ጭነት ይጎትቱታል። በ1761 ባሕር ኃይሉ አንድ ሙከራ አደረገ፤ «አላርም» የምትባለውን የጦር መርከብ ከውሃ በታች ያለ አካሏን በስስ የመዳብ ሉህ አለበሳት። ከዚያ ወደ ካሪቢያን ላኳት።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ስትመረመር የመዳቡ ገጽ ንጹህ ነበር፤ ትሉም አረሙም አልደፈሩትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ብዙ ሉሆች ላልተው ተንጠልጥለዋል፤ ምክንያቱም መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው አልቀዋል። ሁሉም ግን አላለቁም። አንዳንዶቹ ምንም ሳይሆኑ ተገኙ። መርማሪዎቹ ጠጋ ብለው ሲያዩ ደህና በሆኑት ምስማሮች ሥር ቡናማ ወረቀት አለ። መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ወረቀት ነው፤ ሠራተኞቹ ሳይልጡት ምስማሩን መተውበታል። ወረቀቱ ብረቱን ከመዳቡ ለይቶታል፤ በዚህም ምስማሩ ተርፏል።

በ1763 የቀረበው ሪፖርት መደምደሚያው ግልጽ ነበር፦ ብረትና መዳብ በባሕር ውሃ ውስጥ መነካካት የለባቸውም። ይሄ የተጻፈው ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ከማሳየቱ ከ37 ዓመት በፊት ነው። ኤሌክትሪክ በሁለት ብረቶች መሃል እንደሚፈስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ግን ንድፈ ሐሳብ ሳይኖራቸው፣ የበሰበሰውንና ያልበሰበሰውን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ዲግሪ ይዤ ያላደረግኩት ይህንን ነው።

ሪፖርቱ ወዲያው አልተሰማም። ከ1779 ጀምሮ ባሕር ኃይሉ መላ መርከቦቹን በመዳብ ሲያለብስ መርከቦቹን የሚያያይዙት ትልልቅ ብሎኖች አሁንም ብረት ነበሩ፤ እነሱም ተበሉ። በመጨረሻ በመዳብ ቅይጥ ብሎኖች ተተኩ።

ቀጥሎ ግን የመዳቡ የራሱ ጥያቄ መጣ። መዳቡም ቢሆን ቀስ እያለ ይሟሟል፤ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ውድ ነው። ባሕር ኃይሉ ጉዳዩን ለዘመኑ ዝነኛ ኬሚስት ለሃምፍሪ ዴቪ አቀረበ። ዴቪ በ1824 ያገኘው መልስ እስከ ዛሬ ይሠራል። መዳቡ ላይ ከሱ ይልቅ በቀላሉ የሚበላ ብረት፣ ዚንክ ወይም ተራ ብረት፣ በትንሹ ከተያያዘ ያ ብረት በመዳቡ ፈንታ ራሱን ይሰጣል። በየቤታችን ባለው ቦይለር ውስጥ ያለችው የማግኒዚየም ዘንግ የምትሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ እሷ ትበላለች፣ ጋኑ ይተርፋል።

«ሳማራንግ» የተባለች መርከብ ላይ ተሞከረ። መዳቡ መሟሟቱን አቆመ። ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ መርከቦቹ ከጉዞ ሲመለሱ ሆዳቸው በአረምና በቅርፊታም ፍጥረታት ተሸፍኖ ተገኘ። ምን ሆነ? ያ ቀስ እያለ የሚሟሟው መዳብ ራሱ ነበር መርዙ። የሚሟሟው መዳብ ሕይወት እንዳይጠጋ ያደርግ ነበር፤ ዴቪ መሟሟቱን ሲያቆመው መርዙም አብሮ ቆመ። ባሕር ኃይሉም መከላከያዎቹን አስነቀላቸው።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መዳብ ሲሟሟ ውሃውን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደርጋል። አልጌም ውሃ አረንጓዴ ያደርጋል። ዓይን ሁለቱንም «አረንጓዴ» ብሎ ያልፋቸዋል። ዴቪ መርከቦች ላይ ያየው ግን ሁለቱ ተቃራኒ መሆናቸውን ነው፤ መዳቡ በሚሟሟበት ቦታ አልጌ ይቸገራል፤ አልጌ በሚመቸው ቦታ መዳቡ እየተሟሟ አይደለም። መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው። ለአልጌ ገዳይ ነገር ይጨመራል። እየተበላ ላለ ብረት ግን የሚበላው ነገር መወገድ አለበት። በረኪና ደግሞ አልጌ ይገድላል፤ መዳብና ኒኬልም ይበላል። ለታመመው ሰው የበሽታውን ምክንያት ነበር ያጠጣሁት።

1856፦ ቀለሙና ፈሳሹ

የኔ ውሃ ማቅለሚያ አልነበረውም። ብዙዎች የሚሞሉት ኩላንት ግን አለው፤ ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ወተት መሰል ነጭ። የዚህ ቅይጥ ሁለት ወላጆች የተወለዱት በሚገርም አጋጣሚ በአንድ ዓመት ነው።

በ1856 ፈረንሳዊው ሻርል አዶልፍ ቩርትስ ኤቲሊን ግላይኮልን ሠራ። ወፈር ያለ፣ ጣፋጭ፣ መርዛማ ፈሳሽ ነው። ለአሠርት ዓመታት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም። ከ1927 ጀምሮ ግን «ፕረስቶን» በሚል ስም ለመኪና ራዲያተር መሸጥ ጀመረ፤ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ውሃው በቀላሉ በረዶ አይሆንም፣ በቀላሉም አይፈላም። ክረምቱ በረዶ ለማያውቀው አገር የመጀመሪያው ጥቅም ላይታይ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ለእኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

በዚያው 1856 ለንደን ውስጥ የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን ለወባ የሚሆን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለመሥራት ቤቱ ውስጥ ይሞክር ነበር። ኪኒኑ አልወጣለትም፤ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። ዕቃውን በአልኮል ሲያጥብ ፈሳሹ ሐምራዊ ሆነ። ከዚያ አጋጣሚ ነው የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተነሳው። ከዚያ በፊት ልብስ በሐምራዊ ማቅለም የሀብታም ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም የሚገዛው ሆነ።

ለእኛ ታሪክ የሚቀርበው ግን ሌላ ቀለም ነው፤ በ1871 አዶልፍ ፎን ባየር የሠራው ፍሎረሲን። ጥቂቱ ብዙ ውሃን በሚያበራ አረንጓዴ ይሞላል። ዓይናችሁን የመረመረ ሐኪም ብርቱካናማ ጠብታ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ካያችሁ ቀለሙን ታውቁታላችሁ። በ1877 ደግሞ ፍርድ ቤት የሚደርስ ጠብ ፈታ። ጀርመን ውስጥ ኢመንዲንገን አካባቢ የዳኑብ ወንዝ ውሃ በከፊል መሬት ውስጥ ይሰጥማል። ከዚያ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አኽ የተባለ ትልቅ ምንጭ አለ፤ የሱ ውሃ ወደ ራይን ይሄዳል። ምንጩ የዳኑብ ውሃ ነው ወይስ አይደለም? የፋብሪካ ባለቤቶች የሚከራከሩበት ነገር ነበር፤ ውሃ ማለት ጉልበት ነው። አሥር ኪሎ ያህል ፍሎረሲን የሚሰጥመው ውሃ ውስጥ ጨመሩ። ከ60 ሰዓት ያህል በኋላ ምንጩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ቀለም ፈሳሽ ውስጥ የገባው እንግዲህ መጀመሪያ ለውበት አይደለም፤ ለምስክርነት ነው። የመኪና ኩላንትም የተቀለመው ለዚያ ነው። መሬት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ስታይ የሚፈሰው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። የድሮው አረንጓዴ ኩላንት ቀለሙ በብዛት ይኸው ፍሎረሲን ነበር። ይህ ቀለም አንድ ጠባይ አለው፤ ፈሳሹ አሲድ እየሆነ ሲሄድ ብርሃኑ ይደክማል። ግላይኮል ደግሞ ለዓመታት በሙቀትና በአየር ሲሠራ ቀስ እያለ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ለፀሐይ ወይም ለአልትራ ቫዮሌት መብራት የተጋለጠ ቀለምም ይደበዝዛል። ስለዚህ «ቀለሙ ጠፋ» ስንል ብርሃን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፈሳሹ አሲድ ሆኖ ብረቱን መብላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓይንን ብቻ ነው የሚያስከፋው። ሁለተኛው ኪስን ነው።

ትልልቆቹ ማሽኖች

ኮምፒውተርን በውሃ ማቀዝቀዝ የጌመሮች ፈጠራ አይደለም። በ1960ዎቹ የአይቢኤም ሲስተም/360 ሞዴል 91 በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1980 የወጣው አይቢኤም 3081 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነው፤ አንድ ሞጁል ውስጥ ከ100 በላይ ቺፖች ተደርድረው፣ እያንዳንዱን ቺፕ በስፕሪንግ የተገፋች ትንሽ የብረት ፒስተን ትነካዋለች፤ ክፍተቱ በሂሊየም ጋዝ ተሞልቷል፤ ሙቀቱ ከላይ ወዳለው የቀዘቀዘ የውሃ ሰሌዳ ይወጣል። ውሃው ከቺፑ ጋር አይገናኝም። ሰውም አያየውም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ ስለሱ የሚጨነቅ ባለሙያ ተቀጥሯል።

በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ሌላ መንገድ ሄደ። ሙሉ ቦርዶቹን ፍሎሪነርት በተባለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ አሰጠማቸው። ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ማሽኑ «አረፋዎች» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ያንን ፈሳሽ ማንም አላቀለመውም። መጥራቱ ነበር ውበቱ።

በ1990ዎቹ ኃይል ቆጣቢ ቺፖች መጡና ትልልቆቹ ማሽኖች ወደ አየር ተመለሱ። ውሃው ግን መኝታ ቤት ገባ።

መኝታ ቤት

በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ቺፕ አወጣ። ወጣቶች በ300 ሜጋኸርትዝ የተሸጠላቸውን ቺፕ ወደ 450 ከፍ እያደረጉ እንደሚሠራ ደረሱበት። ፍጥነት በነፃ! ግን ይሞቃል። በየቤቱ ያለ ሰው ያገኘውን ማያያዝ ጀመረ፤ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ፣ ከመኪና የተፈታ የማሞቂያ ራዲያተር፣ በመሰርሰሪያ የተቦረቦረ የመዳብ ጡብ። ያገኘሁት ራዲያተር ከነሱ የተለየ አለመሆኑን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቼ ያንኑ ሠርቻለሁ። ፈሳሹም ከመኪና መጣ፤ ያው አረንጓዴ። ሳጥናቸው ላይ መስኮት ቆርጠው የአልትራ ቫዮሌት መብራት ሲገጥሙበት ፍሎረሲኑ በራ። ለምስክርነት የገባው ቀለም ጌጥ ሆነ።

ትልልቅ ኩባንያዎችም ሞከሩ። በ2004 አፕል ፓወር ማክ ጂ5 የተባለውን ባለ 2.5 ጊጋኸርትዝ ኮምፒውተር በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሸጠ። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ፈሰሰ፤ ኩላንቱ የደረሰበትን ቦርድ ሁሉ በላው። ከ2009 ወዲህ ደግሞ በፋብሪካ የታሸጉ ትንንሽ ማቀዝቀዣዎች ተስፋፉ። አብዛኞቹ ውስጥ የመዳብ ሰሌዳና የአሉሚኒየም ራዲያተር አብረው አሉ፤ የ«አላርም» መርማሪዎች ቢያዩ ራሳቸውን ይይዙ ነበር። የሚያቆያቸው ፈሳሹ ውስጥ ያለው የዝገት መከላከያ ነው። ለመዳብ ከሚጨመሩት አንዱ ቤንዞትራያዞል ይባላል፤ መዳቡ ላይ ተጣብቆ እጅግ ስስ ልባስ ይሠራል። ያ ቡናማ ወረቀት በሞለኪውል ደረጃ ማለት ነው። ሰው ግን ከነዚህ አንዱን ፈትቶ ራዲያተሩን በተራ ውሃ ሲሞላው ወረቀቱን ላጠው ማለት ነው።

ከዚያ ወተት መሰሎቹ ኩላንቶች መጡ። እነዚህ ቀለም ብቻ አይደሉም፤ ፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሏቸው፤ ብርሃኑን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ የዴቪ የቀድሞ ረዳት ማይክል ፋራዴይ ይገባል። ፋራዴይ በ1857 ወርቅን በውሃ ውስጥ እጅግ ደቃቅ አድርጎ በተነ፤ ፈሳሹ ቢጫ ሳይሆን እንደ ሩቢ ቀይ ሆነ። ከሠራቸው ጠርሙሶች አንዳንዶቹ ዛሬም ለንደን ሮያል ኢንስቲቲውሽን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አልዘቀጡም። ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ አይጣበቁም። ፋራዴይ ጨው ሲጨምርበት ግን ቀዩ ወደ ሰማያዊ ዞረ። ጨው ውስጥ ያሉት አዮኖች መገፋፋቱን ያደክሙታል፤ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፤ ቀለሙ ይለወጣል።

ኮምፒውተር ውስጥ ጨው የሚጨምር ሰው የለም። ያልታጠበ ራዲያተር ግን ይጨምራል፤ እየተበላ ያለ ብረትም ይጨምራል። ወተት መሰሉ ኩላንት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይለያያል፣ በመጨረሻ ብሎኩ ጥርሶች ላይ ይጋገራል። ሐምራዊውም ብዙ ጊዜ የቀይና የሰማያዊ ድብልቅ ስለሆነ አንዱ ቀድሞ ሲሞት ወደ ሌላው ይዞራል። ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦም የራሱን ይጨምራል፤ እንዲለሰልስ የተቀላቀለበት ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣና እንደ ነጭ ቅባት ይጠራቀማል። እሱንም ብዙ ሰው «አልጌ» ይለዋል።

እንግዲህ ከዚያች ትንሽ ቱቦ የምንጠይቀውን ቁጠሩት። ብረቱ እንዳይበላ እንፈልጋለን። ሕይወት እንዳይበቅልበት እንፈልጋለን። ሙቀት እንዲሸከም እንፈልጋለን። እንዲያምርም እንፈልጋለን። ዴቪ ከሁለቱ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን አጣ። እኛ አራቱንም በአንድ ጠርሙስ እንገዛለን፤ ከዚያ ቀለሙ ሲለወጥ እንገረማለን።

ጠርሙሱ

ወደ ራዲያተር ሠሪው ሄድኩ። ልወቅሳቸው አልነበረም፤ ልጠይቃቸው ነው።

«ጋሼ፣ ያቺን ትንሿን ራዲያተር ያስታውሷታል?»

«ለኮምፒውተር ያልካትን? አስታውሳታለሁ።» እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ። «በሶዳ አጠብካት?»

ዝም አልኩ።

«ስሰጥህ እኮ ነግሬሃለሁ። ብየዳው አሲድ አለበት፤ በሶዳ ካልታጠበ አይለቅም አላልኩህም?»

ብለውኝ ነበር። ቤት ወስጄ በቧንቧ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቀለቅኩትና በቃ አልኩ። የብየዳ አሲድ ሥራው የብረቱን ገጽ ልጦ ቆርቆሮው እንዲይዝ ማድረግ ነው። ብየዳው ሲያልቅ ግን የተረፈው አሲድ ሥራው ማለቁን አያውቅም። እኔ ደግሞ ሙቅ ውሃ እያዞርኩ ለሁለት ሳምንት እንዲቀጥል ረዳሁት።

አሁንም ግን ይሄ ግምት ነው። አንድ ጊዜ በግምት ሄጄ ብሎክ አበላሽቻለሁ። ትልቋ እህቴ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ደወልኩላት።

«መዳብ መሆን አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«አሞኒያ ጠብ አድርግበት። መዳብ ካለ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ግን ስማ፣ በረኪና የገባበትን እንዳታመጣብኝ! አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው።»

ለጓደኛዬ ላሳየው ቀድቼ የረሳሁት ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ነበር፤ በረኪናው ከመግባቱ በፊት የተቀዳው። ከሦስት ሳምንት በላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። አልጌ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ብርሃን ይወፍር፣ ይደፈርስ፣ ጠርሙሱ ላይ ይንሸራተት ነበር። እንደዚያ አልሆነም። አሁንም በውስጡ አሻግሮ ማየት ይቻላል። ይህንን ለማየት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም ነበር።

እህቴ መስኮቱን ከፍታ ጥቂት ጠብታ ጨመረችበት። መጀመሪያ ትንሽ ደፈረሰ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ እንደ ብዕር ቀለም የጠለቀ ሰማያዊ።

ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለትና ደወልኩ። ካርዱ በአሮጌ ማራገቢያው እየሠራ ነው፤ አልሞተም። የብሎኩን ዋጋ እኔ እንደምሸፍን ነገርኩት።

«አልጌ አልነበረም ማለት ነው» አለ።

«አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነህ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

ሌላ ብሎክ እስክናገኝ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ያ ሁሉ ጊዜ ሥልጠናው በግማሽ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። ራዲያተሯን በቤኪንግ ሶዳ አጠብኳት፣ ከዚያ በባትሪ ውሃ ደጋግሜ፣ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው እስከማይለይ ድረስ። የዝገት መከላከያ ያለው ኩላንት አገኘሁ፤ ቀለም የሌለውን። ስሞላው ጥቂቱን በትንሽ ብልቃጥ ቀድቼ ቀን ጻፍኩበትና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በወር አንድ ጊዜ ከቱቦው ትንሽ እቀዳና ሁለቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ።

ጓደኛዬ አንዳንዴ «ውሃው እንዴት ነው?» ብሎ ይጽፍልኛል። «ደህና ነው» ብዬ አልመልስለትም። የሁለቱን ብልቃጦች ፎቶ ነው የምልክለት።